አንድ ወንበር የቀረው አውሮፕላን

አርብ ጠዋት፣ ኩዌት፣ ሳባህ አል-ሳሌም በሚገኘው የማዳም ቤት፣ ሠራተኛዋ ሐሲና ለእህቷ ሰርግ ወደ አገሯ የምትሄድበት አውሮፕላን ላይ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። የማዳም ክሬዲት ካርድ ግን ተሟጦ አልከፍል አለ።

«እሑድ ባንክ ሲከፈት ገንዘብ አስገባበታለሁ» አሉ ማዳም።

«እሑድማ ሰርጉ ነው!» ሐሲና ስልካቸውን ተቀብላ የባንኩን አፕ ከፈተች። «ከሂሳብዎ ወደ ካርዱ እዚሁ እናዛውረዋለን። ወዲያው ይገባል።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ሐሲና አንድ በአንድ አሳየቻቸውና መጨረሻው ላይ እጇን ሰበሰበች።

«ይህን እርስዎ ይጫኑት።»

«አንቺ እያለሽ ለምን እኔ?»

«ከሰርጉ በኋላ አልመለስም፣ ማዳም። ቁርጡን ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ማዳም ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ተጫኑ።

«ገባ» አሉ። «በይ፣ ትኬቱንም እኔው ልግዛልሽ። የቱ ጋ ነው የምጫነው?»