ሰማያዊው መስመር

የፊዚዮቴራፒ ተማሪዋ ለፈተናዋ ስትለማመድ፣ የእናቷን ጀርባ በጣቷ እየዳሰሰች አጥንቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመረችው። "ጀርባዬን ደብተር አደረግሽው እኮ!" እያለች እናትየው ወንበሩ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረች። አከርካሪውም፣ የቀኙም የትከሻ አጥንት እንደ ውሃ ወረደላት። የግራው ላይ ግን መስመሩ መሃል ላይ ተጣመመ። የእጇ ስህተት መስሏት በጥጥ ጠርጋ ደገመችው። እዚያው ቦታ ላይ ተጣመመ።

"እማዬ፣ ይሄ አጥንት ምን ሆኖ ነው?"

"እሱማ አንቺ ሳትወለጂ ከደረጃ ወድቄ ነው። በይ ቶሎ ጨርሺ፣ በረደኝ።"

ልጅቷ ጣቷን መልሳ የተጣመመው ቦታ ላይ አሳረፈች። መምህሯ ክፍል ውስጥ ይህንኑ የትከሻ አጥንት በሞዴል እያሳየ፣ "ይሄ በጡንቻ የተሸፈነ ስለሆነ እንዲህ በዋዛ አይሰበርም። ተሰብሮ ካገኛችሁት፣ ሰውየው ከኋላው በከባድ ነገር ተመትቶ እንደሆነ ጠርጥሩ" ብሏቸው ነበር።

የውጭው በር ተከፈተ። "እናትና ልጅ፣ የት ገባችሁ?" አለ አባቷ፣ እንደ ወትሮው እየሳቀ።

"እዚህ ነን!" አለች እናትየውም በፈገግታ ድምፅ። ልጅቷ ግን የእናቷን ፊት ሳይሆን ጀርባዋን ነበር የምታየው። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ከእናቷ ትከሻዎች ጋር ሽቅብ ወደ ጆሮዋ ተሰቅለው፣ እዚያው ደርቀው ቀሩ።