የሁለተኛው ባትሪ ቀይ ሽቦ

ባልየው ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር አሮጌ ቫን ገዝቶ አልጋና ምድጃ ገጠመበት። ሚስቱን ሐይቅ ዳር ወስዶ አንድ ሳምንት ሊያሳርፋት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሲገባላት ኖሯል። ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ሸኛቸው። ከምርቃቱ ግማሹ ሰፈሩ ሊያገኘው ስላለው እንቅልፍ ነበር፤ ባልየው በማንኮራፋቱ «ወፍጮው» ይባላልና።

ሚስትየው ልብስ ሰፊ ነች። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ደግሞ በዚያ ቆላ ሙቀት ከፍሪጅ ወጥቶ አይበረክትም። ስለዚህ ወፍጮው አንዲት የጉዞ ፍሪጅ ገዛ፤ ለፍሪጇ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪም አስገጠመ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ነገሩን እንደ ሰባኪ ዘርዝሮ አስረዳት። አንደኛው ባትሪ ሞተር ያስነሳል። ሁለተኛው ፍሪጅ ይመግባል። ሞተሩ ሲዞር ሁለቱም ይሞላሉ፤ ሲጠፋ ሁለተኛው ካለው ላይ ይበላል። እዚህች መስታወት ላይ ያለው የባትሪው ቁጥር ከአሥራ ሁለት ከወረደ ፍሪጇ ራሷን ታጠፋለች።

«ሌላ ነገር ካልቀጠላችሁበት አራት ቀን አያሳስብዎትም፣ እትዬ» አላት።

ይህን ሲል ወፍጮው ጉሮሮውን ጠረገና ሰውየውን በክንዱ ይዞ ከቫኑ ጀርባ ወሰደው። ተንሾካሾኩ። ኤሌክትሪሺያኑ ሲመለስ ዓይኗን ማየት አቅቶት መሬት መሬት ያይ ነበር። ሚስትየው ይህን በልቧ ያዘች።

ሐይቁ ዳር በደረሱ ማግስት ዝናብ ጣለ፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። የመንገድ ሠራተኞች ሁለት ሦስት ቀን ታገሡ አሏቸው። ነዳጁ ለመመለሻ ብቻ የቀረ በመሆኑ ወፍጮው ሞተር አይነሳም ብሎ ወሰነ።

ቁጥሩ ግን ወረደ። እሷ የተወጠረ ነገር ሲላላ የምታውቅ ሴት ናት። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት የነበረው በማግስቱ ነጥብ አራት ሆነ፣ ከዚያ ነጥብ ሦስት። ፍሪጇ ያው ፍሪጅ ናት። የሚገርመው ደግሞ ሌሊትም ሆነ ከምሳ በኋላ ባልየው ከኋላ አልጋው ላይ መጋረጃ ጋርዶ ጋደም ሲል ቁጥሩ እንደ ተተረተረ ክር መውረዱ፣ ሲነሳም መቆሙ ነው።

መጋረጃውን የሰቀለው እሱ ነው። ማንኮራፋቴ እንዳይረብሽሽ አላት። ሆኖም እዚህ ከመጡ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አላንኮራፋም። ሠላሳ ዓመት ያንኮራፋ ሰው ዝም ካለ አልተኛም ማለት ነው፤ ተጋድሞ የማይተኛ ሰው ደግሞ ያስባል። ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማው እስስስ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ስትጠይቀው የሐይቁ ነፋስ ነው አላት። በተነሳ ቁጥር በሁለት ጉንጮቹ ላይ እንደ ልጓም ያለ ሰንበር ይታያል። እሱንም በትራሱ አሳበበ።

ከሁሉ ያስደነገጣት ደግነቱ ነው። ሻይ ያፈላላታል፣ እግሯን በብርድ ልብስ ይጠቀልላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጠዋት ጠዋትም አጠገቧ ተቀምጦ እየፈራ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረው።

«መድኃኒትሽ ለስንት ቀን ይበቃሻል?»

በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ቆሞ ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «እናትሽ ምንም አታውቅም» ይላል። «ዋ ትነግሪያትና። ይቺን ሳምንት ብቻ ትረፍ፤ ከዚያ ሁሉም ያልቃል።»

የገዛ ልጇም ገብታበታለች ማለት ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ በአካባቢው ሰው የለም፣ የቫኑን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው።

ወንዙን ሊያይ በሄደበት ባትሪው ያለበትን የወንበር ክዳን አነሳች። ከባትሪው ወደ ፍሪጇ አንድ ጥንድ ሽቦ ይሄዳል፤ ይህ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ሁለተኛው ጥንድ ነበር፤ ምንጣፍ ሥር ገብቶ ወደ ባሏ አልጋ ይሳባል። ኮቴ ስትሰማ ክዳኑን መልሳ ተቀመጠችበት።

ወፍጮው እያለከለከ ገባ። ወንዙ ነገ ሳይጎድል አይቀርም አለ። ምሳውን ሳይጨርስ ደክሞኛል ብሎ መጋረጃውን ዘጋ። እስስስ የሚለው ድምፅ ተነሳ። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ነበር፤ ዓይኗ እያየ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ። ፍሪጇ ማጉረምረሟን ልታቆም አንድ ሐሙስ ቀርቷታል።

ሚስትየው የስፌት መቀሷን አወጣች። ለሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጠ እጅ ልክ አይስትም። ክዳኑን አንስታ ወደ አልጋው ከሚሄደው ጥንድ ቀዩን ብቻ ቆረጠች።

ቁጥሩ ቆመ። ወዲያው አንድ ነጥብ ከፍ አለ። ፍሪጇ ማጉረምረሟን ቀጠለች።

ጥቂት ቆይቶ ከመጋረጃው ጀርባ ወፍጮው ዞረ። የድሮው ማንኮራፋት ነው፣ ሰፈር የሚያስነሳው። ሚስትየው በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች። ተኛ ማለት ነው፤ ክፉ ሐሳቡን ትቶ ተኛ። ማንኮራፋቱ ቆም አለ፣ እንደገና ጀመረ፣ ረጅም ጊዜ ቆም አለ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። በትዳሯ ዘመን እንዲህ ያለ ሰላም አግኝታ አታውቅም፤ ሻይ አፍልታ ቀስ ብላ ጠጣችበት።

ሲመሻሽ ግን ሙያዋ አላስቀምጥ አላት። የክር ጫፍ የያዘች ልብስ ሰፊ ሌላኛውን ጫፍ ሳታይ አታድርም። ምንጣፉን ገልጣ ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች ሄዳ መጋረጃውን ከፈተች።

ሽቦው ትራሱ አጠገብ ካለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሣጥኗ የወጣው ቱቦ ደግሞ በባሏ አፍና አፍንጫ ላይ፣ በሁለት ጉንጮቹ ዙሪያ በላስቲክ ወደታሰረው፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ ለሚቆም ሰው ሐኪም ወደሚያዘው የመተንፈሻ ጭንብል ይሄዳል።