እርጥብ ቀለም

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው ታላቅ ወንድሟ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ፊት ተንበርክኮ፣ እጁን ከሦስተኛው እርከን ሥር እስከ ክርኑ አስገብቶ ሲዳብስ ስታየው ክው አለች። ለማዘጋጀት ስድስት ወር የለፋችበት የእንቆቅልሽ ውድድር ሊያልቅ የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሌሎቹ ቡድኖች ጥያቄውን ፈትተው የሽልማቱን ሣጥን ፍለጋ ወደ ጓሮው እየሮጡ ነው።

ሣጥኑ እስከ ትናንት እዚያው እርከን ሥር ነበር። ደረጃው ዛሬ ጠዋት ቀለም ይቀባል ሲሏት ወደ ጓሮው ወሰደችው፤ ጥያቄውንም እንደ አዲስ ጻፈችው። አዘጋጆቹ በጋራ በሚጽፉት የዊኪ ድረ ገጽ ላይ ለተወዳዳሪ የተዘጋውን የመልስ ገጽ ማረም ግን በጥድፊያ ረሳች። ገጹ አሁንም «ሦስተኛው እርከን ሥር» ይላል። የይለፍ ቃሏን ደግሞ ኮምፒውተሯን ከሚጠግንላት ከወንድሟ በቀር ማንም አያውቀውም።

«አንቺ፣ ጥያቄሽ ስህተት አለበት!» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እጅጌውን የለቀለቀውን ነጭ ቀለም እየጠረገ። «እዚህ ምንም የለም እኮ!»

የመጨረሻው ጥያቄ ያለበት ፖስታ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። እንደታሸገ ነው።

«እስቲ ክፈተውና አንብበው፣ ወንድም ጋሼ» አለችው።