«ልቀቁ» ያለው ድምፅ

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ባሕር አይተው አያውቁም። የሚያውቁት በዳዊት ያነበቡትን ያህል ነው። ዋግ፣ ጋዝጊብላ ካለችው ደብራቸው ወጥተው የሄዱበት ሩቅ አገር ሰቆጣ ነው። ልጃቸው ጸሐዩ ግን ከቅኔ ቤት ጠፍቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ፣ ኦቦክ ደረሰ። ከዚያ ወደ የመን የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች ተባለ። አስከሬን አልመጣም። ተዝካሩን ያለ መቃብር አወጡለት።

የሆነውን የነገረቻቸው ኤደን ናት፤ ከዚያች ጀልባ ተርፋ የተመለሰች የሰቆጣ ልጅ። መሪጌታ በእግራቸው ቤቷ ድረስ ሄደው ጠየቋት።

«ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር ተላትማ አጋደለች» አለች። «ግማሻችን ውኃ ውስጥ ወደቅን። ጠርዟን ይዘን ተንጠለጠልን። ስንበዛባት እንዳንገለብጣት ፈርተው ጣት ጣታችንን በብረት ቀጠቀጡን።»

«እነማን?»

«ባለ ጀልባዎቹ። ከሁሉም የከፋው ግን የእኛው ሰው ነው። ደላሎቹ ከተሳፋሪው አንዱን መርጠው ዱላ ያስይዙታል፤ ለውለታው በነጻ ይሻገራል። ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ነበር። እየመታ ‹ልቀቁ፣ ልቀቁ› የሚለን በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው።» ኤደን የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «አጠገቤ የነበረችውን ልጅ ሲመታት አጥንቷ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ለቀቀች። ኋላ ሌላ ጀልባ መጥታ ባለ ጀልባዎቹንና ያንን ሰው ብቻ አንስታ ሄደች። እኔ ባዶ ጄሪካን አቅፌ ነው የነጋልኝ።»

«ከዋግ የሄዱት ወንዶች ስንት ነበሩ?»

«ሦስት። የእርስዎ ልጅ፣ ኤርምያስ፣ ደግሞ ሸጋው የሚባል የሰሃላ ልጅ። ኤርምያስን ባሕሩ ተፋውና ቀበርነው። ሸጋው ግን በሕይወት አለ ይላሉ።»

መሪጌታ ሌላ አልጠየቁም። ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ሞተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ መቋሚያቸውን ቤተ ክርስቲያን ትተው ሽመል ይዘው መዞር ጀመሩ።

ሸጋው የመጣው በገዛ እግሩ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራፍ ላይ ቆሞ «የሰሃላው ሸጋው ነኝ። ከጸሐዩ ጋር አብረን ነበርን» አለ። የመሪጌታ ባለቤት ምስራቅ እያለቀሰች አጎዛ አነጠፈችለት። ጠላ ስትሰጠው በግራ እጁ ተቀበለ። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሲወጣ ሦስት ጣቶቹ ቆልመም ብለው ደርቀዋል።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉት መሪጌታ።

«ባሕር ላይ ነው፣ አባቴ።»

መሪጌታ ጣቶቹን አተኩረው አዩ። ሞት የያዘው ሰው ይናከሳል፤ ምናልባት ልጄ ነክሶት ይሆናል አሉ በልባቸው።

«እንዴት ተረፍክ?»

«ዓሣ አጥማጆች አወጡኝ።»

ይዋሻል፣ አሉ አሁንም በልባቸው። ያቺ ሁለተኛዋ ጀልባ ናት ያወጣችው።

ሸጋው የጠላውን ዋንጫ መሬት አስቀመጠ። «ያስቸግረዎት ይሆናል እንጂ… የጸሐዩን አስከሬን ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ደውሎስ አያውቅም?»

«የሞተ ሰው ይደውላል?»

ሸጋው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጸሐዩን ፎቶ ቀና ብሎ አየ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ምስራቅ እንጀራውን ሳታቀርብ ተነሳ። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልሂድ» አለ።

«እሸኝሃለሁ» አሉ መሪጌታ።

ከመንደሩ በታች ካለው ገደል አፋፍ ደረሱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነውና ሸጋው ከፊት ቀደመ። መሪጌታ በኽምጣኛ ጠሩት፤ ዞረ።

«ባሕር ላይ ‹ልቀቁ› እያለ እጅ ይመታ የነበረው ማን ነው?»

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። «ይህን ማን ነገርዎ?»

«መልስልኝ።»

«አባቴ፣ ይቅርብዎ። ለመናገር ነበር የመጣሁት፤ የባለቤትዎን ዓይን ሳይ አቃተኝ። ይህን ነገር ይዤው ልሂድ።»

መሪጌታ ከዚህ በላይ ኑዛዜ አልፈለጉም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘውና ደሙ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ሸጋው ዱላውን ለመያዝ ሲሞክር እግሩ ከዳው፤ ከአፋፉ ተንሸራተተ። እንደ ምንም የድንጋዩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ተንጠለጠለ።

«አባቴ፣ ያውጡኝ» አለ። «ስለ እመብርሃን ያውጡኝ። እኔ አይደለሁም።»

መሪጌታ ተንበረከኩ። ለአፍታ ያህል እጃቸውን ሊዘረጉለት ዳድቷቸው ነበር። ጸሐዩም እንዲህ ለምኖ ይሆናል ብለው ሲያስቡ ግን ዓይናቸው ጨለመ። ሽመላቸውን አነሱና ጤነኛ እጁን መቱት። ልጁ ጮኸ እንጂ አልለቀቀም። ደገሙት። በሦስተኛው አጥንቱ ተሰበረ። ቆልማማዎቹ ጣቶች ብቻቸውን ሊይዙት አልቻሉም።

ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ።

መሪጌታ ሽመሉን በሣር ጠረጉ። ከልጃቸው መርዶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንባቸው እስኪሞላ ተነፈሱ። ምንጩ ጋ ወርደው ፊታቸውን ሲታጠቡ ስልካቸው ጠራ። ቁጥሩ የአገር ውስጥ አልነበረም። አነሱት። በመጀመሪያ የነፋስ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ሰው በኽምጣኛ ተናገረ።

«አባባ፣ ጸሐዩ ነኝ። ጣቱ የተሰበረ የሰሃላ ልጅ ወደ እናንተ ይመጣ ይሆናል፤ የሚላችሁን አትመኑት።»