የሚቀነሰው ቁጥር

ሆስፒታሉ በነፃ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው አሥራ ስድስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ብቻ ነበር። ዕድሜን የሚያሰላው ድረ ገጽ የኢትዮጵያን ዓመት ለማግኘት ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሳል፤ ይህም ቁጥር በሦስት ቦታ፣ ማለትም በሚታየው ገጽ፣ ጥያቄን በሚያስተናግደው ክፍልና በመዝገቡ፣ ለየብቻ ተጽፎ ኖሯል። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ በጥቅምት ወር ሦስቱንም ሰርዞ በአንድ የጋራ ፋይል ውስጥ «ሰባት» ብሎ አሰፈረ፤ ሦስቱም ቦታዎች ከዚያ እንዲያነቡ አደረገ።

በሰኔ አንዲት እናት፣ ልጇ ዕድሜዋ አልፏል ተብላ ከወረፋው ብትሰረዝባት፣ ወደ ባለሙያው ቢሮ መጣች።

«የወለድኳት እኔ! አሥራ አምስት ናት እኮ!»

«እናቴ፣ ሦስቱም ቦታ አሥራ ስድስት ነው የሚለው» አላት ባለሙያው።

«ድሮ ሲለያዩ ወላጅ እንጠይቅ ነበር» አለች ወረፋውን የምትይዘው ነርስ በዝግታ። «አሁን ግን አይለያዩም።»

እናትየዋ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች።

በጳጉሜን መጨረሻ ባለሙያው ፋይሉን ሲመረምር፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ ወዲህ የሚቀነሰው ስምንት መሆን እንደነበረበት ተገነዘበ። ቁጥሩ እንደየወሩ እንዲለወጥ አድርጎ አረመውና ለእናትየዋ ስልክ ደወለላት።

«ስህተቱ የእኔ ነው። ዛሬውኑ ተነሡ።»

መስከረም ሦስት ቀን ደረሱ። ልጅቷ ደረጃውን መውጣት ስላልቻለች እናቷ አዝላታለች። እሱ ራሱ ወንበር አቀረበላቸውና አዲስ ምዝገባ ከፈተ።

«የተወለደችበት ቀን?»

«ዕንቁጣጣሽ ነው» አለች እናትየዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። «ዘንድሮ አሥራ ስድስተኛ ልደቷን መኪና ላይ አከበርንላት።»