መርዶ እንዲህ አይነገርም

«አባት... ይቀመጡ። ቴአትር እኮ ነው።»

«አልቀመጥም። መርዶ እንዲህ አይነገርም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ፈይሩዝ በንግሥት ልብሷ መድረኩ ላይ እንደወደቀች ቀረች።

ድምፁን አውቃዋለች... አባቷ ናቸው። ሐጂ አብዱልሐሊም፣ ከመርሳ።

ኮሌጅ አቋርጣ ቴአትር ከጀመረች ወዲህ አኩርፈዋት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ደወሉ።

«ወልድያ መጥቼ አንዴ አያለሁ። ዋዛ ሆኖ ካገኘሁት ዕቃሽን ይዘሽ ከእኔ ጋር ትመለሻለሽ።»

ዋዛ ሆነ...

የጥንት የግሪክ ትራጄዲ ነበር። ሰው ሁሉ ያለቅስበታል የተባለ።

መብራት ሁለቴ ጠፋ። የንጉሡ ጢም ተገንጥሎ ወደቀ። ልዑሉ ሞቶ ተጋድሞ ሳለ አስነጠሰው።

ከዚያ መልእክተኛው ሙባረክ እየሮጠ ገባና ንግሥቲቱ ፊት ላይ ጮኸ።

«ልጅሽ ሞቷል።»

ፈይሩዝ ጮኻ ወደቀች።

አባቷ የተነሱት ይሄኔ ነው።

«ሴትዮዋን የሚይዛት ሰው የለም? ጎረቤት የላትም? አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ልጄ...»

መጋረጃው ተዘጋ። ቴአትሩም እዚያው ላይ አበቃ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሻንጣዋን እየሸከፈች ሳለ ሐጂ ገቡ።

«ጨርሻለሁ አባ። እንሂድ።»

«የት?»

«መርሳ ነዋ። ዋዛ አይደል ያዩት?»

«ዋዛማ ነው። ያ ጢሙ የወደቀበት ሰውዬ... ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።»

አቀረቀረች።

«አንቺ ስትወድቂ ግን ቴአትር መሆኑ ጠፋኝ።»

ሐጂ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«እናትሽ የወንድምሽን መርዶ የሰማች ዕለት እንዲሁ ነበር አሉ የወደቀችው። በስልክ ነገሯት... ማንም ሳይዛት። እኔ ሐራ ገበያ ነበርኩ። ዛሬ ግን እዚያው ነበርኩ።»

ፈይሩዝ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

«ነገም ታሳያላችሁ?»

«ማን ይመጣል ብለው ነው አባ...»

«እኔ አለሁ። ይልቅ ያንን መርዶ ነጋሪ ጥሪልኝ።»

ሙባረክ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ስድብ እየጠበቀ።

«ስማ ልጄ... መርዶ ይዘው አይሮጡም። በማለዳ፣ ሽማግሌ አስከትለህ ትሄዳለህ። አጠገቧ ትቀመጣለህ። መጀመሪያ እጇን ትይዛለህ። ከዚያ ነው አፍህ የሚከፈት።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ ውጪ ቆዪ። ነገ አዲስ ይሁንብሽ።»

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ... ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቷ ቀለላት።

ወጣች።

ሐጂ ከኋላዋ በሩን ዘጉት።

...

ወዳጆቼ... ሥራዬን አበላሸብኝ ብላችሁ የተቀየማችሁት ሰው፣ ምናልባት ከአዳራሹ ሁሉ ከልቡ ያያችሁ እሱ ብቻ ይሆናል።

እስቲ ኮመንት ላይ ንገሩኝ... ሰው ፊት ያሳፈራችሁ፣ ከፍቅር መሆኑ ግን ቆይቶ የገባችሁ ሰው ማን ነው?