ሰማያዊው ጥብጣብ

በተማሪዎቹ ማኅበር የምሳ ግብዣ ላይ ዘፈኑ ሲያበቃ ሁሉም መለኪያቸውን አነሡ። ወጉ ከመጠጣት በፊትም በኋላም ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ነበር፤ አልቫ ግን ቀና ማለት አቃታት። አልኮል ለማይጠጡ የሚታሰረውን ሰማያዊ ጥብጣብ ከመለኪያዋ ፈትታ ኪሷ ውስጥ ደብቃዋለች። ጎኗ የተቀመጠው ኡኖ፣ «ዛሬም ጡጦሽን ይዘሽ መጣሽ፣ እመቤት?» ብሎ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ሁሉ አስቆባት፣ አረቄውን እስከ አፉ ሞልቶላት ነበር።

ፊት ለፊቷ ሲክስተን ነበር። መጠጥ ሊገድለው ደርሶ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ የመጣውም «ብቻዬን አልችለውም፤ አንቺ ካልጠጣሽ ግን እችላለሁ» ብሏት ነው። ቀና ስትል እርቃኑን የቀረውን መለኪያዋን ሲመለከት አገኘችው።

«ጥብጣቡ ጠፋብሽ?» አላት በለሆሳስ።

«አዎ» ብትል ያምናት ነበር። ኡኖ ቀደማት፦ «ምን ይጠፋባታል! ራሷ ፈታችው እንጂ። ዛሬ ገና ሰው ሆነች!»

ሲክስተን ፈገግ አለ። የራሱን ጥብጣብ ቀስ ብሎ ፈታ፣ ውሃውን ሳህኑ ላይ ደፋና መለኪያውን ዘረጋ። «ለእኔም ቅዳልኝ እስቲ፣ ወንድሜ።»

«ተው ሲክስተን! አልጠጣሁም እኮ፤ ይኸው፣ እንደ ሞላ ነው!» አለች አልቫ መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ እየመለሰች።

እሱ ግን ኡኖ የቀዳለትን አረቄ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያም እንደ ወጉ ባዶውን መለኪያ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ዓይኗን እስክታነሣለት ጠበቃት።